በጆሮ የሚነበብ ታሪክ

የታሪክ ተማሪዎች ስንባል ዓይናችን ሁልጊዜ ወረቀት ላይ ነው፤ ሰነድ፣ ደብዳቤ፣ አሮጌ ጋዜጣ። የዘፈን ታሪክ ግን በወረቀት ብቻ ሲነገር ግማሹ ይቀራል፤ ዜማው የለማ! እስቲ ዛሬ ደግሞ የአሜሪካ ራዲዮ ያገሩን የዘፈን ታሪክ እንዴት አድርጎ እንደተረከው እንመርምር።

በፌብሩዋሪ 1969 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በሎስ አንጀለስ አካባቢ የሚፎካከሩ ሁለት የንግድ ጣቢያዎች በአንድ ወር ውስጥ ለታሪክ ተነሡ። ኬ ኤች ጄ የተባለው «የሮክ ኤንድ ሮል ታሪክ» የሚል የ48 ሰዓት ዝግጅት በአንድ የሳምንት መጨረሻ አወረደው። ኬ አር ኤል ኤ ደግሞ ጆን ጊሊላንድ ያዘጋጀውን «ፖፕ ክሮኒክልስ» ክፍል በክፍል ለቀቀ፤ ከ50 ሰዓት የሚበልጥ ሥራ ነው። መቼም ነጋዴ ራዲዮ ለታሪክ ፍቅር ብሎ ይህን ያህል ሰዓት አይሰጥም፤ በ1955 የጨፈረው ጎረምሳ በ1969 ደመወዝተኛ ሆኗል፣ ትዝታውም ገበያ አለው ባዮች ነን። ቢሆንም የጊሊላንድ አሠራር የእውነተኛ ታሪክ ጸሐፊ አሠራር ነው። ቴፑን ይዞ ዘፋኞቹን፣ ደራሲዎቹን፣ ሸክላ አሳታሚዎቹን ራሳቸውን አናገረ፤ ቃላቸውንም ከዘፈኑ ጋር ቀጣጠለው።

ራዲዮ ከመጽሐፍ የሚበልጥባት ቦታ ይቺ ናት። «ሃውንድ ዶግ»ን እንውሰድ። ቢግ ማማ ቶርንተን የምትባል ጥቁር ዘፋኝ በ1952 ቀረጸችው፤ ኤልቪስ ፕሪስሊ በ1956 ዘፈነውና ዓለም የሱ አደረገው። (ደራሲዎቹ ሁለት ነጭ ወጣቶች መሆናቸው ነገሩን ያወሳስበዋል።) መጽሐፍ ይህን በሁለት መስመር ይነግረናል። ሁለቱን ሸክላ አከታትሎ የሚያሰማ ራዲዮ ግን ምን ተወሰደ፣ ምን ተለወጠ የሚለውን ፍርድ ለአድማጩ ይተወዋል።

ታዲያ ተራኪው ማነው? ቢልቦርድ የተባለው የሙዚቃ ንግድ መጽሔት ከ1945 እስከ 1949 የጥቁሮችን ሸክላ «የዘር ሸክላ» ብሎ ለብቻው ይመዘግብ ነበር፤ «ሪዝም ኤንድ ብሉዝ» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። እንዲህ ተለይቶ የተሰየመ ሕዝብ በሌላው ትረካ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ሆኖ ቢገባ አያጠግበንም።

ለዚህ ነው በ1994 የስሚዝሶኒያን ተቋምና ኤን ፒ አር ያሰራጩትን «ዌድ ኢን ዘ ዋተር» የምናስቀድመው። 26 ክፍል ነው፤ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን መንፈሳዊ ዜማ ይተርካል። ሐሳቡን ያፈለቀችውም፣ የተረከችውም በርኒስ ጆንሰን ሬገን ናት። ሬገን በ1961 በኦልባኒ ጆርጂያ እንደኛው ተማሪ ነበረች፤ የዘር መድልዎን ተቃውማ ሰልፍ በመውጣቷ ታሰረች፣ ከኮሌጇም ተባረረች። ከዚያ ከፍሪደም ሲንገርስ ጋር እየዞረች ለተማሪዎቹ ትግል ገንዘብ በዘፈን አሰባሰበች፤ በ1975 በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በታሪክ ዶክትሬቷን ተቀበለች። ይቺ ሴት ስለ መዝሙሩ ስታወራ ምስክርም ተመራማሪም ናት። ዘፈን ከቤተ ክርስቲያን ወጣ ሲባልም ተረት አይደለም፤ ሳም ኩክ እስከ 1957 ድረስ ከሶል ስተረርስ ጋር መዝሙር ዘማሪ ነበር።

ሬገን በ2024 አረፈች። የጊሊላንድ ቴፖች ደግሞ በሰሜን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ላይብረሪ ተቀምጠዋል፤ ወደ ዲጂታል ስለተገለበጡ የፈለገ ሁሉ ማዳመጥ ይችላል።