ሦስቱ «ቀሪ»ዎች

ነገሩ የተጀመረው በአንድ አሮጌ ካርድ ነው።

ባለፈው የረመዳን ሰሞን የአባቴን ቁም ሳጥን ስናጸዳ የአራተኛ ክፍል ካርዱ እጄ ገባ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ጠርዙን አይጥ ቀምሶታል፣ ቀለሙ ግን አሁንም ይነበባል። ሒሳብ ጥሩ ነው፣ አማርኛ ከሒሳብም ይሻላል፣ ጠባይ «በጣም ጥሩ»። (ይቺን እንኳ ተጠራጥሬአታለሁ።) ከታች በኩል ደግሞ «የቀረባቸው ቀናት» ከሚለው ፊት ለፊት በቀይ እስክሪብቶ 3 ተጽፏል።

«አባባ፣ ታመህ ነበር እንዴ?» አልኩት።

ሳቀ። «አልታመምኩም። ሁለቱ ኢድ ናቸው። አንዷ መውሊድ ናት።»

አምስት ዓመት የሞላት ልጄ አጠገባችን ሆና ካልሲ እያጣመረች ነበር። (ሥራ ሰጥተናት እንጂ ጨዋታ ላይ ነበረች።) ቀና አለችና «አባባ፣ ኢድ ከሆነ ትምህርት ቤት እንዴት ክፍት ይሆናል?» አለችው። ለሷ ኢድ ማለት ኬጂ የሚዘጋበት፣ እጇ እንሶስላ የሚሞቅበት፣ አዲሱ ቀሚስ ከፌስታሉ የሚወጣበት ቀን ነው። ትምህርት ቤት ክፍት የሆነበት ኢድ ለሷ ውሃ የሌለበት ባሕር ነው።

አባቴ መልስ ፈልጎ አጣ። «ያኔ እንደዚያ ነበር» ብሎ አለፈው። «ያኔ እንደዚያ ነበር» ግን ለአምስት ዓመት ልጅ መልስ አይሆንም፤ እውነቱን ለመናገር ለኔም አልሆነም። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፍ ለልጄ ጥያቄ መልስ ነው። እናንተም ልጅ ካላችሁ አብራችሁ ስሙ። ልጅ ከሌላችሁ ደግሞ ለጊዜው ልጆች ሁኑ።

ደውሉ የማይደወልባቸው ቀናት

አባቴ የተማረው በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ አዲስ አበባ፣ ከመርካቶ ብዙ በማይርቅ ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ዘመን የትምህርት ቤት ደውል ዝም የሚልባቸውን ቀናት እስቲ እንቁጠር። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ስቅለት፣ ፋሲካ። በነዚህ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ልደት ሐምሌ 16 አለ፤ ዘውድ የጫኑበት ጥቅምት 23 አለ፤ የድሉ ቀን ሚያዝያ 27 አለ። ንጉሡ ስለተወለዱ አገር ይዘጋል። ነቢዩ ስለተወለዱ ግን ስም ይጠራል፤ ያልተገኘ «ቀሪ» ይባላል።

ይሄ የመምህሩ ክፋት አልነበረም። አባቴ እንደሚለው የክፍላቸው ኃላፊ ደግ ሰው ነበሩ። በማግሥቱ ጠርተው «በዓል እንዴት ነበር?» ብለው ይጠይቁትና እዚያው መዝገቡ ላይ ቀዩን ምልክት ያደርጋሉ። መዝገቡ የተሠራው ከሳቸው በላይ ነው። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሃይማኖት መሆኗን፣ በመንግሥትም እንደምትደገፍ በአንቀጽ 126 ደንግጓል። ያው ሕገ መንግሥት የሌላውም እምነት ሥርዓት እንዳይከለከል ይላል። አልተከለከለምም! መስጊዱ ክፍት ነው፣ ሶላቱም ይሰገዳል። ቀኑ ግን የሰጋጁ ብቻ ነው፣ የአገሩ አይደለም። «ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው» የሚለው አባባል የዚያው ዘመን አባባል ነው። አባቴ አባባሉን ይወደዋል። ብቻ ሲጠቅሰው ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ያስከትላል፦ «ታዲያ የማን ግል ነው ካላንደሩ ላይ በቀይ የታተመው?»

ሰፈሩ ከመዝገቡ ይሻል ነበር። ነሐሴ ላይ ቡሄ ሲደርስ አባቴ ከክርስቲያን ጓደኞቹ ጋር ጅራፍ ገምዶ፣ ዱላ ይዞ፣ ሆያ ሆዬ እየጨፈረ በየደጁ ይዞር ነበር። ሙልሙሉንም እኩል ይካፈላል። ፋሲካ ሲሆን ጎረቤት «የናንተ ሰው ያርድላችሁ» ብሎ ለነሱ ለብቻ ዶሮ ያሳርዳል፤ ካልሆነም ሥጋ የሌለበት ወጥ ይሠራል። ዐረፋ ላይ ደግሞ አያቴ በተራዋ ለክርስቲያኖቹ እንዲሁ ታደርጋለች። የሥጋው ድንበር አልፈረሰም፤ ማንም አፍርሱ አላለም። ድንበሩን አክብሮ ደጁን መክፈት ይቻል እንደነበር የሰፈሩ ሕፃናት በእንጀራ ያውቁት ነበር።

አያቴ ደግሞ የራሷ ዘዴ ነበራት። የኢድ ጠዋት ልጆቿን በሌሊት ትቀሰቅስና ታጥባለች፣ ታለብሳለች። ከሶላት መልስ ቁርስ ይበላል፣ ሽማግሌ ይመርቃል። ከዚያ ምርጫው ይመጣል፦ ዩኒፎርም ለብሶ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ መድረስ፣ ወይስ ቀሪ መባል? ጎበዝ ተማሪ የሆኑት የአባቴ ታላቅ ወንድም ይሄዱ ነበር። አባቴ ይቀር ነበር። ያቺ 3 የመጣችው እንዲህ ነው።

ሚያዝያ 12፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ

አሁን ወደ 1966 እንለፍ። በዚያ ዓመት የካቲት ላይ አዲስ አበባ ታምሳለች። ታክሲ ነጂው በነዳጅ ዋጋ፣ መምህሩ በትምህርት ፖሊሲው፣ ወታደሩ በደመወዙ ተነሥቷል። የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወርዶ ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። ያኮረፈው ሁሉ ኩርፊያውን ይዞ አደባባይ የሚወጣበት ጊዜ ነበር።

ፋሲካ በዚያ ዓመት ሚያዝያ 6 ዋለ። መውሊድ ከዚያ አንድ ሳምንት ገደማ ቀድሞ፣ እንደ ልማዱ የሥራ ቀን ሆኖ አልፏል። የፋሲካው ሳምንት ሳያልቅ፣ በዳግም ትንሣኤ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ጎዳና በሰልፈኛ ተሞላ። ቁጥሩ 100,000 ያህል እንደነበር ይገመታል። ሙስሊሞች ናቸው የጠሩት፤ ብዙ ክርስቲያኖች ግን አብረው ወጥተዋል። ለመንግሥት የቀረቡት ጥያቄዎች 13 ነበሩ። መንግሥትና ሃይማኖት ይለያዩ፤ የሙስሊሙ ተቋም ይታወቅ፤ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባላችን ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል። እና ከነዚህ መካከል አንዷ፦ በዓሎቻችን እንደ አገር በዓል ይከበሩ።

አባቴ ያኔ 18 ዓመቱ ነው። ወጥቷል። ምን ትዝ ይልሃል ስለው ስለ መፈክሩ አይደለም የሚነግረኝ። አብሮት ቡሄ የጨፈረ አንድ የሰፈር ጓደኛው ከኋላው መጥቶ ትከሻውን ያዝ አድርጎ «ቀሪ እንዳትሆን ብዬ ነው» ያለው ነው ትዝ የሚለው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ወረዱ። በዚያው በ1967 ደርግ ኢድ አል ፈጥርን፣ ኢድ አል አድሐን (ዐረፋን) እና መውሊድን የሕዝብ በዓል አደረጋቸው። እዚህ ላይ ታሪክ ትንሽ ትቀልዳለች። ለሙስሊሙ ልጅ በዓሉን በአዋጅ የሰጠው፣ ሶሻሊዝምን ያወጀውና ቆይቶ ለሃይማኖተኛ ሰው ብዙም ፊት ያልሰጠው መንግሥት ነው። ክብሩን ለደርግ ብቻ የሚሰጡ አሉ። እኔ ግን ሚያዝያ 12ን አስቀድማለሁ፤ አዋጁ የጻፈው ሰልፈኛው አስቀድሞ በእግሩ የጻፈውን ነው። በዓሎቹ ደርግ ሲወድቅም አብረው አልወደቁም። እስከ ዛሬ አሉ።

ካላንደሩና ጨረቃዋ

አዋጁ አንድ ያላሰበው ነገር ነበር፤ ወይም አስቦ የተወው። ገናን ካላንደር ላይ ማተም ይቻላል። ኢድን ማተም ግን ይከብዳል። የሂጅራው ዓመት ከፀሐዩ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያንስ፣ ኢድ በየዓመቱ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራቸዋል። አባቴ ክረምት ላይ ጾሟል፣ በጋ ላይ ጾሟል። እኔም ኢድን በጭቃም በአቧራም አውቀዋለሁ። በዚያ ላይ የመጨረሻዋ ሌሊት አለች፦ ጨረቃ ታየች ወይስ አልታየችም?

አለቃ ይሄን ጥያቄ አይወደውም። («ነገ ትገባለህ ወይስ አትገባም?») ልጆች ግን በጣም ይወዱታል። በልጅነቴ ሬዲዮ ከበን እንቀመጥ ነበር። አሁን ልጄ ቴሌቪዥኑን ትታ በረንዳ ላይ ወጥታ ሰማዩን ታያለች። ፎቅ ስለከበበን የምታየው የጎረቤት ዲሽ ነው፤ እሷ ግን አንድ ጊዜ «አየኋት!» ብላ ምላለች። ነገ በዓል ይሁን አይሁን የማይታወቅበት ሌሊት ለልጅ ከበዓሉ አያንስም። እናም እላለሁ፦ የዘንድሮውን ጨረቃ መተግበሪያ አስቀድሞ ቢነግራችሁም፣ ለልጆቹ አትንገሩባቸው።

ጥር ላይ፣ አሜሪካ

ይሄን ታሪክ አሜሪካ ላለ አብሮ አደጌ ነገርኩት። ክርስቲያን ነው፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉት። ዝም ብሎ ሰማኝና «የአባትህ ታሪክ የኔ ልጆች ታሪክ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። የኛ ገና እነሱ ዘንድ ጃንዋሪ 7 ነው። የፈረንጁ ገና አልፏል፣ ዛፉ ተጥሏል፣ የትምህርት ቤቱ ቢጫ አውቶቡስ ደጃፍ ቆሟል። ወዳጄ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ያደሩ ልጆቹን ጠዋት ላይ ምን ያድርጋቸው? ማስታወሻ ጽፎ ያስቀራቸው ወይስ እንቅልፋቸውን ሳይጨርሱ ይላካቸው? ሚስቱ እንደ አያቴ በሌሊት ትነሣለች፤ ዶሮው ከትምህርት ቤት መልስ ማታ ይበላል። አዲስ አበባ የብዙኃኑ ልጅ የነበረው ሰው ማዶ ተሻግሮ የ«ቀሪ» አባት ሆኗል። «አባትህን ይቅርታ ጠይቅልኝ» አለኝ። ምን አጠፋህና አልኩት። «እኛ ስንዘጋ እነሱ ይዘጉ እንደነበር እንጂ፣ እነሱ ሲያከብሩ እኛ የት እንደነበርን አስቤው አላውቅም» አለኝ።

እስራኤል ያሉት ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ገጽ አላቸው። ቤተ እስራኤሎች ጎንደር እያሉ ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን ተራራ ወጥተው፣ ጾመው፣ በቄሶቻቸው መሪነት የሚጸልዩበት በዓል አላቸው፤ ስግድ ይባላል። እስራኤል ገብተው ለብዙ ዓመታት የራሳቸው ብቻ ሆኖ ኖረ። በ2000 ዓ.ም. (በነሱ 2008) የእስራኤል ምክር ቤት ስግድን በሕግ የአገር በዓል አደረገው። አንድ በዓል ቤት ውስጥ ተጠብቆ ኖሮ መዝገብ ውስጥ ሲገባ ለሁለተኛ ጊዜ አየን ማለት ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ፦ መጀመሪያ ቤት፣ ኋላ ሕግ።

ታዲያ ቤት ውስጥስ?

አሁን የሚያሳስበኝን ልናገር። አባቴ ኢድን ያወቀው ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋለት ነው፤ ግን ጠንቅቆ ያውቀዋል። የፊጥር ዘካው ከሶላቱ በፊት ለደሃ መድረስ እንዳለበት፣ በቤቱ ላለ ሰው ሁሉ፣ ለሚጠባው ሕፃን እንኳ፣ እንደሚሰጥ ያወቀው እህሉን ራሱ ተሸክሞ ለጎረቤት ባልቴት ስላደረሰ ነው። ከአያቴ ጋር እየሰፈረ «ይሄ የኔ ነው፣ ይሄ የእህቴ ነው» ይል ነበር። ልጄ ግን ትምህርት ቤቷ ተዘግቶላት፣ ቀሚሷን ለብሳ፣ ስልክ እያየች ልትውል ትችላለች። ዘካውን እኔ በሞባይል አስተላልፌ «ጨረስኩ» እላለሁ። ደግነቱ ደርሷል፤ ልጅቱ ግን አላየችም።

ዕረፍቱ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ያ ሰው ሁሉ የወጣው በከንቱ አልነበረም። ልጅ አገሩ የማን እንደሆነ የሚማረው ከሕገ መንግሥት ሳይሆን ደውሉ ከሚዘጋበት ቀን ነው። ሕጉ ግን በሩን ይዘጋል እንጂ ውስጡን አይሞላም። ውስጡን ድሮም አያቴ ነበረች የምትሞላው።

ስለዚህ ዘንድሮ ሦስት ነገር አደረግን። ዘካውን በዓይነት ሰፈርን፤ የልጄን ድርሻ ራሷ በጣሳ ሰፈረች። (ግማሹ ወለል ላይ ቀረ፤ ምሕረት አደረግንላት።) «ግማሽ ቀን» ጾመች፤ ግማሽ ቀን ማለት ከቁርስ እስከ ምሳ ማለት ነው፤ በኩራት ሞተች! ሦስተኛው፣ አባቴ ከኢድ ሶላት መልስ አስቀምጧት ያንን ካርድ አሳያትና ነገሩን ከነሰልፉ ነገራት።

ጨርሳ ከሰማችው በኋላ ቀይ እርሳሷን አመጣች። ከ3ቱ አጠገብ የሆነ ክብ ነገር ሣለች። ጨረቃ ናት አለች። አባቴ 60 ዓመት ያህል ጠብቆ ያቆየው ካርድ ነው፤ ትቆጣ ይሆን ብዬ አየሁት። መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ ነበር።

«አባባ፣ አሁን ቀሪ አይደለህም» አለችው።

መልካም በዓል፣ ለሚያከብረውም፣ ለጎረቤቱም።