የሕይወት ታሪክ ጻፉ ስትባሉ

ውድ ወጣቶች፣ ይህ ነገር ሳይደርስባችሁ አይቀርም። ነቀምቴ፣ ጊምቢ ወይም ደምቢ ዶሎ ትኖሩ ይሆናል። ሌሊት ስልክ ይጮኻል፤ በአጥቢያችሁ አንድ አባት አርፈዋል። ስትደርሱ የእድሩ ሰዎች ድንኳን እየተከሉ ነው፤ ሴቶች ቡና ያፈላሉ፤ መዘምራን የትኛው መዝሙር እንደሚዘመር ይመካከራሉ። አንድ ሽማግሌ ወደ እናንተ ይመጡና «አንተ ልጅ፣ ጽሕፈት ትችላለህ፤ የሕይወት ታሪካቸውን ጻፍ። ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው» ይላሉ።

በእጃችሁ ያለው ጊዜ ጥቂት ሰዓት ነው። ሟቹ ወታደር ነበሩ፤ የሰባት ልጆች አባት ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲዘልቁ ሁሉም የሚነሣላቸው ሰው ነበሩ። ምን ትጽፋላችሁ?

ይህ ጥያቄ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል። የወለጋን የቅርብ ዘመን ታሪክ ስንመለከት ግን ሰውን በክብር መቅበርና ታሪኩን በእውነት መናገር ብዙ ዋጋ የተከፈለበት ነገር ሆኖ እናገኘዋለን።

ስሙ የተረፈለት ልጅ

ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ እሁድ ቀን፣ ኦነሲሞስ ነሲብ በነቀምቴ አረፉ። ብዙዎቻችሁ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙ አባት መሆናቸውን ታውቃላችሁ። ሕይወታቸው የጀመረው ግን በኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ፣ «ሂካ» በሚባል ሕፃንነት ነው። በልጅነታቸው ተሰርቀው ለባርነት ተሸጡ፤ ከአንድ ጌታ ወደ ሌላው ሲተላለፉ ቆይተው ምጽዋ ላይ ነፃ ወጡ። ከስዊድን ወንጌላውያን ሚስዮን ተማሩ፤ እስከ ስዊድንም ሄደው ሠለጠኑ። በአስቴር ገኖና በሌሎችም ረዳትነት የተሠራው ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ነቀምቴ ገብተው ማስተማር ጀመሩ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያ ዘመን በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት ተሰርቀው ተሸጠዋል። የአብዛኞቹ ስም አልተረፈም፤ የት እንደ ተቀበሩም አይታወቅም። የሂካን ስም ግን እናውቃለን፤ ምክንያቱም ታሪካቸውን ጠይቆ የሰማ፣ ሰምቶም የጻፈ ሰው ነበረ። ስሙ ራሱ በኦሮምኛ የመፍታት፣ የመተርጎም ትርጉም አለው፤ በመቃብራቸው አጠገብ ቆሞ ይህን ሊናገር የሚችለው ስሙን አስቀድሞ የጠየቀ ሰው ብቻ ነው።

ጦረኛ ሲሞት

ወደ ወታደሮቹ እንምጣ። በድሮ ዘመን ጦረኛ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ ይቀርብ ነበር፤ ጦሩና ጋሻው ይወጣ ነበር፤ በኦሮሞ ዘንድ ጌራርሳ፣ በአማራው ዘንድ ፉከራና ቀረርቶ ይሰማ ነበር። የገደለው ይቆጠርለታል፤ የዘመተበት ይጠራለታል። ወንጌል የተቀበሉት አባቶቻችን በዚህ ፋንታ መዝሙርን፣ ቃለ እግዚአብሔርንና የሕይወት ታሪክን አስቀደሙ። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ጌራርሳው የሰውየውን ጀግንነት ያውጃል፤ የክርስቲያን ቀብር ደግሞ ሰውየውን የጠበቀውን አምላክ ያመሰግናል። ይሁን እንጂ ጌራርሳ አንድ መልካም ነገር ነበረው፦ ስምና ቦታ ይጠራል። በጅምላ አያመሰግንም። እኛስ?

ወለጋ የወታደር አገር ናት። ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኮንኖችና ሌሎች የተማሩ ልጆች ወደ ነቀምቴ መጥተው የጥቁር አንበሳን ማኅበር መሠረቱ። መሪያቸው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች ከነቀምቴ በማይርቀው በቦነያ ሜዳ አረፉ። በዚያው ሌሊት አርበኞቹ ከበቧቸው፤ ጄኔራል ማሊዮኮን ጨምሮ የመጡት ጣሊያኖች ተገደሉ፤ አውሮፕላኖቹም ተቃጠሉ። አባ ቦሬሎ የተባሉት ቄስ ብቻ ተረፉ።

ይህን ድል ሁላችንም በኩራት እንናገራለን። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ራስ እምሩ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ለመስጠት ተገደዱ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ ደግሞ ከእነዚያ ወጣቶች ብዙዎቹ በጥይት ተደበደቡ። ዕድሜያቸው ከእናንተ ዕድሜ ብዙም የራቀ አልነበረም። ማን አለቀሰላቸው? ድንኳን የጣለላቸው፣ የሕይወት ታሪክ ያነበበላቸው ማን ነው?

አንዳንድ ወታደር መታሰቢያ ይቆምለታል። ወደ ኮሪያ ዘምተው ከወደቁት ከ120 በላይ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በደቡብ ኮሪያ ቹንቾን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1968 መታሰቢያ ተሠርቶላቸዋል፤ አዲስ አበባም አፍንጮ በር ላይ አላቸው። ለአብዛኛው ወታደር ግን ሐውልት የለም። ያለው አንድ መታሰቢያ እናንተ በዚያች ጠዋት የምትጽፉት ወረቀት ነው።

አሥራ ሦስት ዓመት የዘገየ ቀብር

ቀብር ምን ያህል ክብር እንደ ሆነ የምናውቀው ሲከለከል ነው። ቄስ ጉዲና ቱምሳ የቦጂ ልጅ ነበሩ። በወጣትነታቸው በነቀምቴ ሆስፒታል በሕክምና ረዳትነት ሠሩ፤ በኋላም በዚያው በነቀምቴ መጋቢ ሆኑ፤ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሆነው አገለገሉ። ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው መንጋቸውን ትተው ለመሄድ እንቢ አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ምሽት አዲስ አበባ ዑራኤል አካባቢ ካለው ጸሎት ቤት ሲወጡ ተይዘው ተወሰዱ፤ በዚያው ተገደሉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ባላቸውን አልቀበሩም። ይሙቱ ይኑሩ የሚነግራቸው አልነበረም። እርሳቸውም ታስረው፣ ተሠቃይተው፣ አሥር ዓመት ያህል በወኅኒ ቆዩ። አስቡት፤ ልቅሶ መቀመጥ የተከለከለች ሚስት፣ አባታቸውን ያልቀበሩ ልጆች። የቄስ ጉዲና አፅም ተገኝቶ በክብር ያረፈው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ!

መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ ያለ ታሪክ አለው። 1ኛ ሳሙኤል 31ን አንብቡ። ፍልስጥኤማውያን የሳኦልንና የልጆቹን ሬሳ በቤትሳን ቅጥር ላይ ሰቀሉ። የኢያቢስ ገለዓድ ጐበዞች ሌሊቱን ሁሉ ተጉዘው አወረዷቸው፤ ወደ አገራቸው ወስደው ቀበሯቸው፤ ሰባት ቀንም ጾሙ። ለምን? ሳኦል በአንድ ወቅት ከአሞናውያን እጅ አድኗቸው ነበር (1ኛ ሳሙ. 11)። ሳኦል በመጨረሻው ዘመኑ ስንት ነገር አጥፍቷል፤ እነርሱ ግን ያደረገላቸውን አልረሱም።

እኔ የጻፍኩት ወረቀት

አሁን የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአጥቢያችን አንድ ሽማግሌ አረፉ። የቡና መጋዘን ጥበቃ ነበሩ። ስድስት ልጆች አሳድገዋል። ሴት ልጃቸው በማታ ትምህርት ስትማር በየምሽቱ ጃንጥላና የእጅ ባትሪ ይዘው መንገድ ላይ ይጠብቋት ነበር፤ ይህን የማያውቅ የከተማችን ሰው የለም። ከጥበቃ በፊት ወታደር ነበሩ። ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ በኋላ ተመልምለው ወደ ሰሜን ዘምተዋል፤ ሃምሳ አለቃም ደርሰዋል። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ብዙውን መንገድ በእግራቸው ተጉዘው ነው የመጡት።

ጻፍ ተባልኩ። ስለ አባትነታቸው ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ስለ ውትድርናቸው ግን «አገራቸውን በጀግንነት አገልግለዋል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበር። ምን ልበል? ዘመኑ አስቸጋሪ ነው። በደርግ ጊዜ በወለጋ በርካታ ጸሎት ቤቶች ተዘግተው ነበር። እርሳቸው ለዚያ መንግሥት ሲዋጉ ባለቤታቸው በዚያው መንግሥት ምክንያት በየቤቱ ተደብቀው ይጸልዩ ነበር። ይህን በድንኳን ውስጥ ማን ያነሣል ብዬ ዘለልኩት። ሕዝቡ አሜን አለ፤ ቀበርን።

በሦስተኛው ቀን ልናጽናናቸው ስንሄድ ባለቤታቸው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ልጄ፣ ጥሩ ጽፈሃል፤ እግዚአብሔር ይስጥህ» አሉኝ። ቀጥለውም «የልጆቼ አባት ግን ራሱን ጀግና ብሎ አያውቅም። መጋቢት በገባ ቁጥር ዝም ይል ነበር» አሉ። ተነሥተው የባላቸውን መጽሐፍ ቅዱስ አመጡ። ከኋላው ሽፋን ውስጥ በአራት የታጠፈ ወረቀት ነበር፤ የሁለት ሰዎች ስም ተጽፎበታል። አንዱ የጊምቢ ልጅ ነው፤ ሁለተኛው የጎጃም። በመጋቢት 1980 አፋቤት ላይ ከጎናቸው የወደቁ ጓደኞቻቸው ናቸው። ለመቅበር ጊዜ አልነበረም። «እኔ ስቀበር የእነርሱም ስም ይጠራ ይል ነበር። ድንኳን ውስጥ ልናገር ፈራሁ፤ የጠየቀኝም አልነበረም» አሉኝ።

የጠየቀኝም አልነበረም! ውድ ወጣቶች፣ ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። ያን ጠዋት ልጆቻቸውን ጠይቄ ነበር፤ የመጋዘኑን ኃላፊ ጠይቄ ነበር፤ እርሳቸውን ግን ኀዘንተኛ ናቸው ብዬ አለፍኳቸው። አምስት ደቂቃ ባልፈጀ ነበር። በሚቀጥለው እሁድ መጋቢያችን ሁለቱን ስሞች በጉባኤ ጠርተው ጸለዩ። ቤተሰቦቻቸውን ፈለግን፤ አላገኘንም። እነዚያ እናቶች ልጃቸው የት እንደ ቀረ፣ ስሙንም በልቡ ይዞ የኖረ ሰው እንደ ነበረ ሳያውቁ አርፈው ይሆናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

2ኛ ሳሙኤል 1ን አንብቡ። ዳዊት ለሳኦልና ለዮናታን ያወጣው ሙሾ ነው። ሳኦል ዳዊትን ሊገድል ስንት ጊዜ አሳደደው? ዳዊት ግን በሙሾው አልሰደበውም። አልዋሸለትምም፤ ጻድቅ ነበረ አላለም፣ እግዚአብሔርን ታዘዘ አላለም። ብርታቱን ተናገረ፣ ለሕዝቡ ያደረገውን መልካም ነገር ተናገረ፣ የወደቀበትን ተራራ በስሙ ጠራ፤ አለቀሰም። የክርስቲያን ክብር ይህ ይመስለኛል፦ ያለ ሐሰት ማመስገን፣ ያለ ጭካኔ እውነትን መናገር።

ስለዚህ የሕይወት ታሪክ ስትጽፉ ሚስቲቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። «በጀግንነት አገልግለዋል» ከማለት የት እንደ ዘመቱና መቼ እንደ ተመለሱ፣ ከማን ጋር እንደ ነበሩ ጻፉ። በድንኳን የማይነገር ነገር ካለ አትግለጡት፤ በሐሰት ግን አትሸፍኑት። ሟቹ ራሳቸው ያልተጠቀሙበትን ቃል አትጫኑባቸው። በእግዚአብሔር ፊት የቆሙት በጀብዷቸው ሳይሆን በክርስቶስ ጸጋ ነውና፣ እውነቱን ለመናገር የምንፈራበት ምክንያት የለንም።

ከሁሉ በላይ ግን ቀብሩን አትጠብቁ። በአጥቢያችሁ ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡ አረጋውያን ወታደሮች አሉ። አንዱ ኦጋዴን ዘምቷል፣ አንዱ ኤርትራ፤ አንዱ ከአንድ ወገን፣ ሌላው ከሌላ ወገን ተሰልፎ ኖሮ ዛሬ በአንድ ማዕድ ጌታን ይቀበላሉ። በዚህ ሳምንት ከእነርሱ አንዱን ቡና ጠጡና ጠይቁ። ደብተር ያዙ። መናገር ባይፈልጉ አታስጨንቋቸው፤ አብራችሁ ተቀመጡ፣ ሌላ ቀን ተመለሱ። ቢናገሩ ስሞቹን በትክክል ጻፉ፤ አብረዋቸው የነበሩትን፣ ያልተመለሱትን፣ ያልተቀበሩትን።

የኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች ሌሊቱን ሁሉ ተጓዙ። ከእኛ የሚፈለገው መንገድ አጭር ነው፤ ከመዘምራን ወንበር እስከ ኋለኛው አግዳሚ ድረስ ነው። ጌታ ይርዳን።