ባዶ ቀለህ ዳግም ሲሞላ፦ የናስ ቀለህ አጸዳድ ታሪክ

ቀለህ ባሩዱን በውስጡ የሚይዝ፣ ከኋላው መለኮሻ ከፊቱ ደግሞ አረር የሚገጠምበት የናስ ቅርፊት ነው። ጥይት ሲተኮስ አረሩ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይቃጠላል፣ መለኮሻውም ያልቃል፤ ቀለሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይጎዳ ይቀራል። ከአራቱ የጥይት ክፍሎች በአሠራሩ አድካሚና ውድ የሆነው ይኸው የሚተርፈው ክፍል በመሆኑ፣ ቀለህን አጽድቶ ዳግም የመሙላት ልማድ በተለይ በአሜሪካ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጨረሻ አሥርታት ጀምሮ ሥር ሰድዷል። የልማዱ ታሪክ ሲመረመር የአጸዳዱ ዘዴ በየዘመኑ የተለወጠው ናሱ ራሱ ስለተለወጠ ሳይሆን በናሱ ላይ የሚቀረው ቆሻሻ ስለተለወጠ እንደሆነ ይታያል።

ለቀለህ የሚመረጠው ናስ 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ያለው ቅይጥ ነው። ይህ ቅይጥ በተኩሱ ግፊት ተለጥጦ የጠመንጃውን ጉሮሮ ከደፈነ በኋላ መልሶ ስለሚኮማተር በቀላሉ ይወጣል፤ በብረት ቅርጽ ውስጥ ተጨምቆም ወደ ቀደመ መጠኑ ሊመለስ ይችላል። በ1866 ገደማ አሜሪካዊው ሃይረም በርዳንና እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቦክሰር ሁለት የተለያዩ የመለኮሻ ሥርዓቶችን አወጡ። በበርዳን ሥርዓት የመለኮሻው ቅመም ተመትቶ የሚደገፍበት ጉብታ ከቀለሁ ጋር አንድ ሆኖ ሲሠራ፣ በቦክሰር ሥርዓት ጉብታው በመለኮሻው ውስጥ ይገኛል፤ ቀለሁም መሐል ለመሐል አንድ የእሳት ቀዳዳ ብቻ አለው። ያገለገለውን መለኮሻ በዚህ ቀዳዳ በኩል በቀጭን ዘንግ ገፍቶ ማውጣት ስለሚቻል፣ ቀለህ መሙላት የሕዝብ ልማድ ሊሆን የቻለው የእንግሊዛዊው ፈጠራ በገነነበት በአሜሪካ ነው።

በ1870ዎቹ በአሜሪካ ሜዳዎች ጎሽ ያድኑ የነበሩ ሰዎች ከፋብሪካና ከገበያ የራቁ ስለነበሩ ቀለሃቸውን በየሰፈራቸው ይሞሉ ነበር። ከፋብሪካ የራቀ ሰው ለጥይት የሚሰጠው ዋጋ ምን ያህል ከፍ እንደሚል የኢትዮጵያ ታሪክም ያስረዳል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ውጅግራ የተባለው ጠመንጃ ጥይት ከማርያ ቴሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን በገበያ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። የአሜሪካ ሠራዊትም በ1880ዎቹ ለልምምድ ተኩስ የሚሆን ጥይት በየክፍሉ እንዲሞላ መሣሪያ ያድል ነበር፤ በ1884 በኮነቲከት የተቋቋመው የጆን ባርሎ አይዲል ኩባንያ ደግሞ በእጅ የሚያዝ፣ ጉጠት መሰል የመሙያ መሣሪያ ለተራው ሰው አቀረበ።

የዚህ ዘመን ባሩድ ጥቁሩ ባሩድ ነበር። ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጠጣር ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል፤ ዝቃጩም እርጥበት እየሳበ ናሱን የሚበላ ጨውና ድኝ ስላለበት፣ ቀለህ በተተኮሰበት ዕለት በሳሙና ውሃ ታጥቦ መድረቅ ነበረበት። ስለዚህ በመጀመሪያው ዘመን ጽዳት ማለት ቀለሁን ከጥፋት ማዳን ማለት ነበር።

ፈረንሳዊው ፖል ቪዬል በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ሲሠራ ዝቃጩ በእጅጉ ቢቀንስም ሌላ ችግር ተከተለ። የዘመኑ መለኮሻ የሜርኩሪ ውሕድ ነበረበት፤ ቀድሞ በጥቁሩ ባሩድ ጥላሸት ተበርዞ የሚወጣው ሜርኩሪ አሁን በቀጥታ ናሱ ውስጥ እየሰረገ ቀለሁን ተሰባሪ ያደርገው ጀመር። ይህን ጉዳት ምንም ዓይነት እጥበት ሊመልሰው አይችልም ነበር። በእንግሊዝ ይገዛ በነበረው ሕንድ ደግሞ በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጣ የተከማቹ ጥይቶች ቀለሃቸው ሳይተኮስ ይሰነጠቅ ነበር፤ ምክንያቱ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞንያ በሥራው ወቅት በናሱ ውስጥ ከቀረው ውጥረት ጋር መገናኘቱ እንደሆነ በ1921 በታተመ ጥናት ተብራራ። አሞንያ ያለበት የናስ ማወልወያ ለቀለህ የማይመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በ1920ዎቹ ማብቂያ የእርሳስ ውሕድ የያዘና የማያዝግ መለኮሻ ለገበያ ሲቀርብ ሜርኩሪ በናሱ ላይ ያደርስ የነበረው ጉዳት እየቀረ ሄደ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብሩስ ሆጅደን በካንሳስ ከጦርነቱ የተረፈ ባሩድ በርካሽ መሸጥ ሲጀምር፣ ሪቻርድ ሊ ደግሞ በ1958 ቀላልና ርካሽ የመሙያ መሣሪያ ሲያወጣ፣ ልማዱ እጅግ ተስፋፋ። ከዚህ በኋላ የጽዳት ዋና ዓላማ አሸዋና ጥላሸትን አስወግዶ ቀለሁንና ቀለሁ የሚጨመቅበትን ቅርጽ ከመጫር መጠበቅ ሆነ፤ ማንጸባረቅ የተከተለ ጌጥ ነው።

መጀመሪያ አገልግሎት ላይ የዋለው ማሽን የከበሩ ድንጋዮችን ለማለስለስ ከሚያገለግለው የተወሰደ፣ በዝግታ የሚሽከረከር በርሜል ነበር። የንዝረት ማሽን ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የፋብሪካ ብረታ ብረትን ለማለስለስ ከዋለው ዘዴ የመጣ ሲሆን፣ አሠራሩ ሚዛኑን ያልጠበቀ ክብደት የተሸከመ ሞተር በሞላ ላይ የተቀመጠን ገበቴ እንዲያንቀጠቅጥ ማድረግ ነው። በገበቴው ውስጥ ከቀለሁ ጋር የሚጨመረው የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወይም የዎልነት ቅርፊት ለጥቂት ሰዓታት ቀለሁን እያሸ ቆሻሻውን ይቀበላል፤ ቅርፊቱ ጠንከር ስለሚል ለከባድ ቆሻሻ፣ ቆረቆንዳው ለማንጸባረቅ ይመረጣል። ቀለሁን በውሃና በቀጫጭን የማይዝግ ብረት መርፌዎች የሚያጥበው አዲሱ ዘዴ ውስጡን ጭምር ቢያጠራም ማድረቅን ግድ ይላል።

ለቀለህ ጽዳት ርካሽ ማሽን በቂ ሆኖ የተገኘውም ከዚህ ታሪክ የተነሳ ነው፤ ቀለሁን ከመበላት የማዳኑን ሥራ ኬሚስቶች አስቀድመው ስለፈጸሙት ለማሽኑ የቀረለት ቀላሉ ሥራ ነው። የማሽኑ ገዢ ሊመረምር የሚገባው የገበቴው መጠን በአንድ ጊዜ ከሚሞላው ቀለህ ጋር መመጣጠኑን፣ ሞተሩ ለሰዓታት ሲሠራ ከመጠን በላይ አለመጋሉን፣ ከሁሉ በላይ ክዳኑ በደንብ መግጠሙን ነው። የማያዝገው መለኮሻ ናሱን ቢያድንም የእርሳስ ብናኝ ስለሚተው፣ ማሽኑ ከመኖሪያ ክፍል ውጭ አየር በሚዘዋወርበት ስፍራ መሥራት፣ ቀለሁም ከቆረቆንዳው የሚለየው አቧራ ሳይነሳ መሆን አለበት። ጥቁሩ ባሩድ በነገሠበት ዘመን የቆሻሻው ጉዳት በቀለሁ ላይ ነበር፤ በአሁኑ ዘመን ግን ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለሚያጸዳው ሰው ጤና ነው።