ስለ ሰውነት ስብ አለካክ አጭር ታሪክ

በሸሕዲ ገበያ ሰሊጥ ሲመዘን ሚዛኑ የሚነግረን ክብደቱን ብቻ ነው፤ በውስጡ ያለውን አፈርና ገለባ ለይቶ አይነግረንም። የሰውም ሰውነት እንደዚሁ ነው። በሚዛን ላይ የቆመ ሰው ኪሎው ይታወቃል እንጂ ስቡ ስንት፥ ጡንቻውና አጥንቱ ስንት እንደ ሆነ አይታወቅም። ሰውን ደግሞ እንደ ሰሊጥ ለማበጠር አይቻልምና ሊቃውንት ሌላ ዘዴ እስኪያገኙ ድረስ ብዙ ዘመን አለፈ።

የዘዴውን መሠረት የጣለው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የነበረው ግሪካዊው አርኪሜድስ ነው። ይህ ሊቅ በውኃ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ቦታውን ያስለቀቀውን ውኃ ክብደት ያህል እንደሚቀልል አስተማረ። በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ቤልጂጋዊው አዶልፍ ኬትሌ የጎልማሶች ክብደት ከቁመታቸው ካሬ ጋራ እንደሚመጣጠን ገለጠ። ዛሬ ሐኪሞች ኪሎን ለቁመት ካሬ የሚያካፍሉት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሆኖም ይህ ስሌት ጡንቻን ከስብ አይለይም።

በ1942 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሐኪም አልበርት ቤንኬና ባልደረባው የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾችን በውኃ ውስጥ መዘኑ። በክብደት ሠንጠረዥ ከልክ በላይ ከባድ የተባሉት ብዙዎቹ ስባቸው ጥቂት ሆኖ ተገኘ፤ ስብ ከውኃ ይቀላል፥ ጡንቻና አጥንት ግን ይከብዳሉና። በ1961 እ.ኤ.አ. ዊልያም ሲሪ ስሌቱን እንዲህ አቃለለው፤ 495ን ለሰውነት እፍጋት አካፍሎ ከውጤቱ 450 መቀነስ ነው። በኩብ ሴንቲ ሜትር 1.06 ግራም እፍጋት ያለው ሰው፥ ከመቶ 17 ያህሉ ስብ ነው ማለት ነው።

አዲስ የተወለደ ሕፃን ግን ውኃ ውስጥ አይደፈቅም። ስለዚህ በአገራችን በጅማ በውኃው ፈንታ አየርን የሚጠቀም መሣሪያ ሥራ ላይ ዋለ፤ በ350 ሕፃናት ላይ የተደረገው ጥናትም በ2011 እ.ኤ.አ. ታተመ።

እንዲህ ያለው መሣሪያ በየቆላው መንደር አይገኝም፤ ችግሩ ግን አለ። በምግብ እጦት ሰውነቱ ያበጠ ሕፃን በሚዛን ላይ ደኅና ይመስላል፤ ክብደቱ ግን ውኃ ነው። በመተማ ቆላ በሚታወቀው በካላዛርም የበሽተኛው ጣፊያ እያበጠ ሥጋው ይመነምናል። ስለዚህ ጤና ሠራተኞች ከሚዛኑ ሌላ እብጠቱን በጣት ተጭነው ይመረምራሉ፤ የሕፃኑንም ክንድ በጥብጣብ ይለካሉ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን የክንዱ መሐል ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ብርቱ የምግብ እጥረት እንዳለበት ይቈጠራል። ጥብጣቡ የስቡን መቶኛ አይናገርም፤ ነገር ግን ለነፍስ የሚያሰጋውን መክሳት በደቂቃ ያሳያል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው፥ መለኪያን ከማመን አስቀድሞ ምን እንደሚለካ መጠየቅ የሚገባ መሆኑን ነው። ይህን ያልጠየቀ መዛኝ ሚዛኑ ሳይሳሳት እርሱ ይሳሳታል።