ከቋሊማው መርዝ እስከ ማይግሬን መርፌ

ሥር ለሰደደ ማይግሬን መከላከያ የሚወጋው ቦቶክስ አንዳንዴ የዓይን ቆብ ይጥላል። ይህን ምልክት አስቀድሞ በዝርዝር የጻፈው ሐኪም ግን ስለ ራስ ምታት እያሰበ አልነበረም። ዩስቲኑስ ኬርነር በደቡብ ጀርመን፣ በቩርተምበርግ የሚሠራ ሐኪምና ገጣሚ ነበር። በዚያ አካባቢ የተበላሸ ቋሊማ የበሉ ሰዎች ይሞቱ ነበርና ምልክታቸውን ተከታትሎ መዘገበ። አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያቸዋል፣ የዓይን ቆባቸው ይወድቃል፣ አፋቸው ይደርቃል፣ መዋጥ ያቅታቸዋል፣ በመጨረሻም ትንፋሽ ያጥራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1822 ባሳተመው መጽሐፍ 155 ሕሙማን ተዘርዝረዋል። ከቋሊማው ያወጣውን መርዝ ራሱም ቀምሶ ጉሮሮው ሲደርቅ አይቷል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የደረሰበት ሐሳብ ድፍረት ነበረው፤ መርዙ በጣም በትንሹ ቢሰጥ ከልክ በላይ የሚሠራውን ነርቭ ሊያረጋጋ ይችላል አለ።

ዛሬ ከዚሁ መርዝ የሚሠራው ቦቶክስ ለማይግሬን የሚሰጥበት መደበኛ መጠን 155 ዩኒት ነው። ግጥምጥሞሽ ብቻ ነው፤ ገጣሚው ኬርነር ግን ሳይወደው የሚቀር አይመስለኝም።

የመርዙ ምንጭ ባክቴሪያ መሆኑ የታወቀው በ1890ዎቹ ነው። ቤልጂግ ውስጥ ኤልዜል በምትባል መንደር ለቀብር የመጡ ሙዚቀኞች ያልበሰለ የአሳማ ሥጋ በልተው ታመሙ፣ ሦስቱ ሞቱ፤ ኤሚል ቫን ኤርመንገምም ከሥጋው ውስጥ ተሕዋሲውን ለይቶ አወጣ። የኬርነርን ሐሳብ ሥራ ላይ ያዋለው ግን የሳን ፍራንሲስኮው የዓይን ሐኪም አለን ስኮት ነው። የተንሸዋረረ ዓይን ያለ ቀዶ ሕክምና ለማቃናት መርዙን በጡንቻ ውስጥ ወጋ፤ በሰው ላይ ያገኘውን ውጤት በ1980 አሳተመ፣ የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በ1989 ፈቃድ ሰጠ። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ወደ ውበት ሕክምና ገባ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤቨርሊ ሂልስ የሚሠራው ሐኪም ዊልያም ባይንደር የፊት መጨማደድ ለማጥፋት የወጋቸው አንዳንድ ሰዎች የራስ ምታታቸው እንደቀነሰ ነገሩት።

እንግዲህ የማይግሬኑ ሕክምና ራሱ የተወለደው ከጎንዮሽ ውጤት ነው። «የጎንዮሽ» ስንል ክፉውን ብቻ ማሰብ ለምደናል እንጂ።

ቦቶክስ በወር ጥቂት ቀን ብቻ ለሚያማቸው ሰዎች ሲሞከር ብዙም አልረዳም። የረዳው በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ራሳቸውን ለሚያማቸው ነው። በ2010 የወጡት ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች 1,384 ሰዎችን ያቀፉ ነበሩ። መድኃኒቱን የወሰዱት በወር በአማካይ ከ8 ቀን በላይ የራስ ምታት ሲቀንስላቸው ባዶ መርፌ የተወጉት ደግሞ ከ6 ቀን በላይ ቀነሰላቸው። ልዩነቱ ሁለት ቀን ገደማ ነው ማለት ነው። ይህን ቁጥር ሰምቶ የሚያጣጥል አለ፤ ወሩን ግማሽ በጨለማ ክፍል የሚያሳልፍ ሰው ግን ሁለት ቀንን አይንቅም።

መርፌው በየ12 ሳምንቱ በ31 ቦታ ይወጋል፤ በቅንድብ መሐል፣ በግንባር፣ በሁለቱ ጆሮ ግንዶች፣ በራስ ቅል ኋላ፣ በማጅራትና በትከሻ። ቦታው ወሳኝ ነው። ቅንድብ አካባቢ ትንሽ ዝቅ ብሎ ከተወጋ መድኃኒቱ የዓይን ቆብን ወደሚያነሣው ጡንቻ ይሾልክና ከቀናት በኋላ አንዱ ዓይን ይከደናል። ማጅራት ላይ ዝቅ ካለ አንገት ይዝላል፣ ራስን ቀና አድርጎ መያዝ ይከብዳል። በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ የአንገት ሕመም 9 በመቶ፣ የዓይን ቆብ መውደቅ 4 በመቶ ተብሎ ተመዝግቧል። ባዶውን መርፌ ከተወጉትም 3 በመቶው አንገታችንን አመመን ብለዋል፤ መርፌው ራሱና ፍርሃቱም ድርሻ አላቸውና። አብዛኛው ችግር በሳምንታት ውስጥ ይለቃል። በ2009 መርዙ ከተወጋበት ርቆ መዋጥንና መተንፈስን ሊያውክ እንደሚችል በሣጥን የተከበበ ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ ተጨምሯል፤ በማይግሬን መጠን ግን እንዲህ ያለ የተረጋገጠ ከባድ ጉዳት እንዳልተመዘገበ ያው መግለጫ ይናገራል። የሚያስፈራውን ሣጥን አንብቦ ይህን ዓረፍተ ነገር የሚዘልል ታካሚ ብዙ ይመስለኛል።

ቦቶክስ ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ የተጠና መርዝ ነውና ጉዳቱ ብዙም አያስደንቅም። ሌሎቹ የማይግሬን መከላከያዎች ግን ጠባያቸውን የገለጡት ዘግይተው ነው። ሜቲሰርጂድ የተባለውን ክኒን ጣሊያናዊው ፌደሪጎ ሲኩቴሪ በ1959 ሲያስተዋውቅ ትልቅ ተስፋ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ የቦስተኑ ሐኪም ጆን ግራሃም ለረጅም ጊዜ በወሰዱት ሰዎች ሆድ ውስጥ፣ ከኋላ በኩል፣ ጠባሳ መሰል ሥጋ አድጎ የሽንት ቧንቧቸውን ሲያንቅ አየ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች በየስድስት ወሩ መድኃኒቱን ለሳምንታት ማስቆም ጀመሩ። በጥቂት ወራት ሙከራ ይህ ጉዳት ሊታይ አይችልም ነበር፤ ዓመታት ይፈልጋል።

በ2018 የመጡት አዳዲሶቹ መርፌዎች ይህን ታሪክ በሌላ መልክ ደግመውታል። መሠረታቸው በ1990 የተደረሰበት ግኝት ነው፤ ፒተር ጎድስቢና ላርስ ኤድቪንሰን በማይግሬን ጊዜ ሲጂአርፒ የተባለው ንጥረ ነገር በአንገት የደም ሥር ውስጥ እንደሚጨምር አሳዩ። ንጥረ ነገሩን ለማገድ ተስፋ ከተጣለባቸው የመጀመሪያ ክኒኖች አንዱ ጉበት ጎድቶ ተተወ። ጉበትን የማይነኩት ፀረ እንግዳ አካላት ግን ተሳካላቸው፤ የመጀመሪያው ኤሬኑማብ ነበር። ታካሚው በወር አንዴ ጭኑን ወይም ሆዱን ራሱ ይወጋል። በሙከራው ላይ ጎልቶ የታየው የተወጋበት ቦታ ሕመምና ቀላል የሆድ ድርቀት ነበር፤ ድርቀቱ በከፍተኛው መጠን 3 በመቶ ብቻ። በ2019 ግን መግለጫው ተለወጠ፤ ሆስፒታል የሚያስገባ፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና የሚጠይቅ ድርቀት እንደሚያስከትል ተጻፈበት። በ2020 ደግሞ የደም ግፊት ተጨመረ። ሲጂአርፒ አንጀትን የሚያንቀሳቅስና የደም ሥርን የሚያሰፋ መሆኑ ቀድሞም ይታወቅ ነበርና፣ ሲታገድ ሁለቱ መከሰታቸው እምብዛም የሚገርም አይደለም። መግለጫውን ያስለወጡት ከገበያ በኋላ ሪፖርት ያደረጉ ታካሚዎችና ሐኪሞች ናቸው። «ሆዴ ደረቀ» ማለት ከማይግሬን ያህል ነገር ለዳነ ሰው ቅንጦት ይመስላል፤ ያንን ሳያፍሩ የተናገሩት ባይኖሩ ማስጠንቀቂያው ይዘገይ ነበር።

ክኒን አልስማማ ካለ ነገ ይቆማል። የተወጋ ፀረ እንግዳ አካል ግን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አራት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ ጨርሶ እስኪወጣ አምስት ወር ገደማ ይሄዳል። ማይግሬን በብዛት የሚይዘው በመውለጃ ዕድሜ ያሉ ሴቶችን ሆኖ ሳለ ነፍሰ ጡሮች በሙከራዎቹ አልተካተቱም። ስለዚህ ልጅ ያሰበች ሴት ለማርገዝ ከመሞከሯ ወራት ቀድማ እንድታቆም ትመከራለች። ሳያስቡት ላረገዙት ደግሞ መድኃኒቶቹ ገበያ ከወጡ በኋላ የእርግዝና መዝገቦች ተከፍተዋል፤ የሚሞሉትም በእናቶቹ ፈቃድ፣ አንድ እርግዝና በአንድ እርግዝና ላይ እየተጨመረ ነው።