ሙታን የሚጋበዙበት ቀን

ሎስ አንጀለስ ውስጥ በኖቬምበር መጀመሪያ ፊቱን የራስ ቅል አስመስሎ የተቀባ ሰው አውቶቡስ ውስጥ ቢገባ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። «ዲያ ደ ሎስ ሙዌርቶስ» የሚባለው የሜክሲኮዎች የሙታን ቀን ከከተማዋ ጋር የተወለደ ይመስላል። ግን አይደለም። አደባባይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ያውም ጥቂት ሰዎች አስበውበት።

በዓሉ በድምቀት የሚከበረው በማዕከላዊና በደቡብ ሜክሲኮ፣ በተለይ በሚቾአካንና በኦዋሃካ ነው። ምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ያደጉ ብዙ የሜክሲኮ ልጆች ቤታቸው ሲከበር አላዩም። ካረን ቦካሌሮ የምትባል የፍራንሲስካን መነኩሲት ከሁለት ሜክሲኳውያን ሠዓሊዎች፣ ከካርሎስ ቡዌኖና ከአንቶኒዮ ኢባኜዝ ጋር ሆና አንድ ጋራዥ ውስጥ የሕትመት ሥራ ጀመረች። ሰልፍ ሄልፕ ግራፊክስ የተባለው የጥበብ ማዕከል የተወለደው ከዚያ ነው። ለሰፈሩ ሰው ጭምብል መሥራት አስተማሩ፤ ከኤቨርግሪን መቃብር ተነስተው በሰልፍ ወጡ። ልጆቹ የአያቶቻቸውን በዓል የተማሩት ከሠዓሊዎች ነው ማለት ይቻላል።

እኔን ወደ በዓሉ የወሰደችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። የሟች ፎቶ በተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ ብርቱካናማ አበባ፣ ሻማ፣ ጨውና አንድ ብርጭቆ ውኃ አለ፤ ነፍስ ከመንገድ ተጠምታ ትመጣለች ይላሉ። ስኳር የተነሰነሰበት ዳቦ አናቱ ላይ በሊጥ የተሠራ አጥንት አለው። ኮፓል የሚሉት ሙጫ ሲጨስ ሽታው ለእጣናችን የቀረበ ነው። አንዲት እናት ከባላቸው ፎቶ ፊት ቢራ ከፍተው አስቀመጡ። ለምን እንደከፈቱት ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ መክፈቻ ከየት ያመጣል?» ብለው ሳቁ። የነፍስ አባቴ ቢያዩኝ ምን ይሉኝ ነበር?

ከሁሉ ያቆመኝ ግን ድንበር ሲያቋርጡ በረሃ ላይ ለቀሩ ስደተኞች የተሠራው መታሰቢያ ነው። የእኛዎቹ ደግሞ ሰሃራና ሜዲትራኒያን ላይ ቀርተዋል።

እኛ ሙታናችንን የምናስበው በየራሳቸው ቀን ነው፤ በአርባ፣ በሰማንያ፣ በሙት ዓመት። እነሱ ኖቬምበር 1ን ለሕፃናት፣ 2ን ለአዋቂዎች ሰጥተው ሁሉንም አንድ ላይ ይጠራሉ። ለቅሶ መድረስ ስደት ላይም አላቃተንም፤ መርዶ በተሰማ ማግስት ቤቱ በሰው ይሞላል። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ግን ጥግ ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን ይነካካሉ። የሚለቀስላትን አያት አያውቋትም፤ የነገራቸውም የለም። በሙታን ቀን በዓሉ ላይ ግን አንዲት ትንሽ ልጅ ከመወለዷ በፊት የሞተው ቅድመ አያቷ የትኛውን ምግብ ይወድ እንደነበር ስታስረዳኝ ነበር።

ራስ ቅሉንና ቢራውን ለእነሱ እንተውላቸው። እድሮቻችን ግን በዓመት አንድ ቀን መድበው፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሟቹን ፎቶ ይዞ እንዲመጣና ታሪኩን ለልጆቹ እንዲናገር ቢያደርጉ ወጪው ከቡና አይበልጥም። የእድር ዳኞች፣ እባካችሁ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ተነጋገሩበት።