አምስተኛዋ ፊደል

«ገና» የሚለውን ቃል ለብቻው ጽፋችሁ ለሁለት ሰው ስጡ። አንዱ በዓሉን ያነባል፤ ሌላው «ገና ነው፣ አልደረሰም» ይላል። ፊደሎቹ ያው ሁለት ናቸው። ልዩነቱ ያለው በመጥበቅና በመላላት ነው፤ ይህን ደግሞ አጻጻፋችን አያሳይም። ሰዋስው ያስተማረ ሰው ጣጣውን ያውቀዋል፤ ከፊደሉ አናት ላይ ነጥብ እያኖረ «ይህ ይጠብቃል» ማለት ነበረበት። የድጓ ሊቃውንትም ከቃሉ በላይ ጥቃቅን ምልክት ጽፈው ዜማውን ያመላክታሉ። ፊደሉ አይነካም፤ አባባሉ ግን በምልክቷ ይወሰናል።

የሰውና የእንስሳት ሕዋስም እንዲህ ዓይነት ምልክት ይጽፋል። ይህን ለማወቅና፣ ካወቁም በኋላ ከቁም ነገር ለመቁጠር የፈጀው ጊዜ ነው የሚገርመው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

ነገሩ ወዲህ ነው። ዲ ኤን ኤ የሚባለው ዋና መዝገብ ከግምጃ ቤቱ አይወጣም። ሕዋሱ አንድ ፕሮቲን መሥራት ሲፈልግ ከመዝገቡ አንድ ገጽ ይገለበጥና ግልባጩ ይላካል። ግልባጩ አር ኤን ኤ ነው፤ የሚጻፈውም በአራት ፊደላት ነው። ኤ፣ ዩ፣ ጂ፣ ሲ። የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል።

በ1951 ግን ዋልዶ ኮንና ኤልዮት ቮልኪን የተባሉ አሜሪካውያን አንድ ትርፍ ነገር አገኙ። ቦታው ቴነሲ ውስጥ የሚገኘው ኦክ ሪጅ ነው፤ ለአቶም ቦምብ የሚሆን ዩራኒየም ለማጣራት በጦርነቱ ጊዜ በጥድፊያ የተቆረቆረ ከተማ። ኮን የባዮኬሚስትሪ ሰው ነው፤ ደግሞም ሴሎ ተጫዋች። በዚያ ጭቃና ምስጢር በሞላበት ከተማ ኦርኬስትራ ያቋቋመ እሱ ነው። ለቦምቡ ሥራ ሲባል የኒውክሌር ፍንካች ውጤቶችን አንዱን ካንዱ መለየት የሚያስችል ዘዴ ሲጠቀም ቆይቶ ነበር፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ያንኑ ዘዴ አር ኤን ኤን ለመበተን አዋለው። አራቱ ፊደላት በየተራቸው ወጡ። ከነሱ ጋር የማንም ያልሆነች አንዲት ጥቂት ነገር ብቅ አለች። በኋላ «አምስተኛዋ» የተባለችው እሷ ናት። ስትመረመር ከዩ ጋር አተሞቿ አንድ ናቸው፤ ከስኳሩ ጋር የተያያዘችበት ወገን ብቻ ተገልብጧል። ስለዚህም ሱዶዩሪዲን አሏት፤ ሐሰተኛዋ ዩሪዲን እንደ ማለት ነው። ስሙ ትንሽ ግፍ አለበት፤ ሐሰት የለባትማ።

እሷ የተገኘችው በሕዋሱ የቤት ዕቃ፣ ማለትም ፕሮቲን በሚገጣጥመው አር ኤን ኤ ውስጥ ነው። መልእክት በሚያደርሰው በኤም አር ኤን ኤ ላይስ ምልክት አለ ወይ? ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ የቤት ዕቃው ብዛቱ መልእክቱን ስለሚውጠው አንዱን ካንዱ ማጥራት ፈተና ነበር። በ1974 በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፍሪትዝ ሮትማንና ባልደረቦቹ ሮናልድ ዴሮዚየርስና ካረን ፍሪደሪቺ የአይጥ ጉበት ካንሰር ሕዋሳትን ራዲዮአክቲቭ የሆነ ሜቲዮኒን መገቡ፤ መልእክቱን ለይተው አወጡና ቆጠሩ። ኤ በምትባለው ፊደል ላይ ሜቲል የተባለች ጭረት አገኙ። በዚያው ዓመት ፊላደልፊያ ውስጥ ሮበርት ፔሪና ዶውን ኬሊም በሌላ የአይጥ ሕዋስ ላይ ሜቲል ያለበትን መልእክት አሳዩ። በአንድ መልእክት ላይ በአማካይ ሦስት ያህል ጭረት ናት። በቃ፣ ይህችው ናት።

ከዚያ በኋላ ወደ አርባ ዓመት ግድም የሚጠጋ ዝምታ መጣ። ጨርሶ ዝም አልተባለም፤ ሮትማን አልተዋትም፤ በ1997 ጭረቷን የሚጽፈውን ኢንዛይም ዘረ መል ባልደረቦቹና እሱ ለይተዋል። ሌላው ዓለም ግን ፊቱን ወደ ዲ ኤን ኤ አዙሮ ነበር። ለዚህ ጥፋት ሁሌ የሰውን ስንፍና መክሰስ ልማድ ሆኗል፤ እኔ ግን ዋናው ተጠያቂ መሣሪያው ይመስለኛል። አር ኤን ኤ የሚነበበው መጀመሪያ ወደ ዲ ኤን ኤ እየተገለበጠ ነው፤ ገልባጩ ኢንዛይም ደግሞ ጭረት ያለባትን ኤ እንደ ማንኛዋም ኤ አድርጎ ይጽፋታል። ምልክቷ በግልበጣው ትጠፋለች። ስንቱ የብራና ሥራ እንዲህ ባለ ጸሐፊ እጅ አልፏል!

በ2011 ቺካጎ ውስጥ ቹዋን ሂ የተባለ ኬሚስትና ባልደረቦቹ ጭረቷን የሚፍቅ ኢንዛይም አገኙ። የሚጻፍ ብቻ ሳይሆን የሚፋቅም ምልክት ከሆነማ ሕዋሱ እያሰበበት ነው የሚጽፈው ማለት ነው። በ2012 በቴል አቪቭና በኒው ዮርክ ሁለት ቡድኖች ጭረቷን ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ተጠቅመው ካርታዋን ነደፉ፤ ከ7,000 በሚበልጡ ዘረ መሎች መልእክት ላይ አለች፣ በተለይም መልእክቱ «በቃ» በሚልበት ቦታ አጠገብ ትበዛለች። ጸሐፊው ኢንዛይም የጠፋባቸው የአይጥ ሽሎች ደግሞ በማኅፀን ይሞታሉ። ጌጥ አልነበረችም።

አሁን ወደ ሐሰተኛዋ እንመለስ። ሃንጋሪያዊቷ ካታሊን ካሪኮ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ኤም አር ኤን ኤን መድኃኒት ለማድረግ ስትደክም ኖራለች፤ ገንዘብ የሚሰጣት ጠፍቶ በ1995 ከማዕረጓ ዝቅ ተደርጋለች። ችግሩ በላቦራቶሪ የተሠራው አር ኤን ኤ ሰውነት ውስጥ ሲገባ የበሽታ መከላከያውን ማስቆጣቱ ነው። ካሪኮና ድሩ ዋይስማን አንድ ነገር አስተዋሉ፤ የባክቴሪያ አር ኤን ኤ ያስቆጣል፣ ከእንስሳ ሕዋስ የተወሰደው ግን ብዙውን ጊዜ እምብዛም አያስቆጣም። ለምን? የእንስሳው በምልክት የተሞላ ነው። ዘበኛው ምልክቱን ሲያይ «የቤት ሰው ነው» ብሎ ያሳልፋል፤ ከላቦራቶሪ የመጣው ባዶ ነውና ይያዛል። በዩ ፈንታ ሱዶዩሪዲን ሲያስገቡ ቁጣው በረደ። ይህን በ2005 አሳተሙ። ዋይስማን ስልካቸው ዕረፍት ያጣል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ የደወለ ሰው አልነበረም።

ኮን በ1999 አርፏልና የቀረውን አላየም። በ2020 መጨረሻ በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ ዘመዶቻችን ክንዳቸውን ሲሰጡ የተወጉት የፋይዘር ወይም የሞደርና ክትባት ከሆነ፣ እያንዳንዷ ዩ በሱዶዩሪዲን ታናሽ እህት ተተክታ ነበር። (እዚህ አዲስ አበባ በመጋቢት 2021 መጀመሪያ የደረሰን 2.2 ሚሊዮን አስትራዜኔካ በሌላ ዘዴ የተሠራ ነው።) የ2023 የሕክምና ኖቤል ለካሪኮና ለዋይስማን የተሰጠው በስሙ ተጠቅሶ ለዚሁ የፊደል ለውጥ ነው።

ኪዩርቫክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ግን ፊደሎቹን ሳይለውጥ ነበር ክትባቱን የሠራው። የሁለቱ ተፎካካሪዎቹ ክትባቶች በመጀመሪያው ሙከራ 95 በመቶ ገደማ ሲከላከሉ የሱ በ2021 የተመዘገበለት 48 በመቶ ነው። እርግጥ መጠኑም 12 ማይክሮግራም ብቻ ነበር፣ ቫይረሱም በዚያ ጊዜ ዝርያውን ቀይሯል፤ ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በአንዲት ፊደል ላይ መጫን አይገባም። ኩባንያው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ማመልከቻውን አነሣ። ከዚያ በኋላ ለሙከራ ካቀረባቸው የኮቪድ ክትባቶች በአንዳንዶቹ ውስጥ የተለወጠችውን ፊደል አስገባ።